አንድ ያጣላል
እሑድ፣ ጥር 24። ደብረ ብርሃን

ጨጓራዬ በቀዶ ሕክምና ከተቀነሰ ወዲህ እንደ ዛሬ ምግብ ፈርቼ አላውቅም። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ብቻ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እያረፍሽ ብሎኛል። አማቴ ግን ይህን አያውቁም። ለውፍረት ብላ ሆዷን አስቀደደች ከሚባል ብሎ፣ ባለቤቴ ዳዊት "የሐሞት ጠጠር አስወጣች" ሲል ዋሽቷቸዋል።

ትናንት ከመዘዞ ዶሮ ይዘውልኝ መጡ። ዛሬ ምሳ ላይ ሾርባዬን ይዤ ብቀመጥ፣ "ልጄ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ!" አሉና እንጀራውን በወጥ ጠቅልለው አጎረሱኝ። የአማት እጅ እንዴት ይመለሳል? ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኩት ሁለተኛው መጣ።

"አንድ ያጣላል! በሞቴ!"

ዳዊትን አየሁት። እሱ ትሪውን ያያል። ዋጥኩት። ደረቴ ላይ ተወትፎ ቀረ። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ሁሉንም አስመለስኩት።

ስወጣ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል።

"ምነው ደበቃችሁኝ? ማርያም በሽልም ታውጣሽ!" ብለው ሆዴን ዳሰሱት፤ ልክ ስፌቱ ላይ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ የልጅ ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ዳዊት ትሪውን ማንሳት ጀመረ። እኔም አላረምኳቸውም።

አሁን ለነገ ገንፎ የገብስ ዱቄት እየነፉ ጓዳ ውስጥ ሲያንጎራጉሩ ይሰማኛል። ገንፎውን እንኳ አልበላም እላለሁ። ልጅ የለም የምለው ግን በምን አፌ...