ከትራንስፎርመሩ ሥር የገባው ላስቲክ

ጥቅምት 6

የድምፅ ማጉያው ዛሬም «እምም» ይላል።

ቫልቮቹን የሚያሞቁትን ሁለት ሽቦዎች ፈትቼ እንደገና አንድ ላይ ገመድኳቸው። እንደ ሹሩባ። ሲጠማዘዙ አንዱ የሌላውን ጩኸት ይበላል ይላል ያነበብኩት። ጥቂት በላ። ሁሉንም አልበላም።

የጆሮ ማዳመጫውን አጠልቄ እቀመጣለሁ። የማጫውተው ነገር የለም። በሐምሌ ልጄ ኤባ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ሙዚቃ አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑ ነጠላ ተከናንቦ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ስለዚህ ባዶውን ነው የማዳምጠው። ባዶው ባዶ መሆን ነበረበት። አይደለም።

ማጉያው የልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውሎ ሲመጣ ማታ ማታ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይሠራው ነበር። አንድ ጣውላ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ ከአሮጌ ራዲዮ የወጡ፣ አምፖል የሚመስሉ ሁለት የመስታወት ቫልቮች። ክዳን የለውም። ክዳኑን መጨረሻ ላይ እሠራለሁ ይል ነበር። ትኩሳቱ ቀደመው።

ለምን እንደምጨርሰው አትጠይቀኝ፣ አንተ ደብተር። ቀያሽ ነኝ። ተጀምሮ ያልተዘጋ መስመር አልወድም።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ። ገበያው ጥግ ሞባይል የሚጠግነው ጎጃሜው። ማጉያውን ከፌስታል ሳወጣው ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጃንሆይን በአካል ያውቃቸዋል!» አለ። ወዲያው የማን እንደሆነ ትዝ አለው። ሳቁን ዋጠ። ኤባ ዕቃ የሚገዛው ከሱ ነበር።

ሁለት በሽታ ነው ያለበት አለኝ፤ አንድ መድኃኒት አትፈልግለት። አንዱ እምምታ በሽቦ ገብቶ ጆሮ ውስጥ የሚሰማው ነው። ሌላው ከትራንስፎርመሩ ከራሱ የሚወጣው፤ ብረቶቹ እየተንቀጠቀጡ ጠረጴዛውን ያስጮኹታል። መጀመሪያ የጆሮውን። ወደ መሬት የሚሄዱት ሽቦዎች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ።

አመሻሽ ላይ አገናኝቼ በየድኩ። ጣቴ ተቃጠለ። ትንሽ ተሻለው።

ባለቤቴ ቀነኒ ሳሎን ምስር ትለቅማለች። ሳሎኑንና የኤባን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ወንበሯን ግድግዳው ሥር አስጠግታዋለች። እዚያ ብርሃን አይደርስም። ዓይኗን ታጠፋለች።

ጥቅምት 13

እህቷ ከጊምቢ ደወለች። ነይ፣ እኔ ጋ ትንሽ ሰንብች ትላታለች። ቀነኒ በኦሮምኛ አጭር አጭር ትመልሳለች። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና ምን ብላ እንደምትጠራኝ ጠፋባት። ኤባ ከተወለደ ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እንደ እናቷ፣ እንደ እህቶቿ፣ በልጁ ስም ነበር የምትጠራኝ። አባ ኤባ። ከሐምሌ ወዲህ ግን «ስማ» ሆኛለሁ። አንዳንዴ በሩን ኳ አድርጋ ዝም ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን በስሜ ሞከረችኝ። ሁለታችንም ሌላ ሰው የመጣ ይመስል ተያየን።

«ስማ፣ ሽንኩርት የለም» አለችኝ።

ሄጄ ገዛሁ።

ጥቅምት 17

ሶኬታችን ባለ ሁለት ገመድ ነው። ወደ መሬት የሚወርድ ሦስተኛ ሽቦ ቤቱ ውስጥ የለም። ብረት መቅበር አለብኝ።

ጓሮ ቆፈርኩ። አፈሩ ከክረምቱ እርጥብ ነው፤ አላስቸገረም። ቀነኒ የጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች። ምን ልትቀብር ነው አለችኝ። ብረት አልኩ። ገባች።

ቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። ጉድጓድ ሳትነግር አይቆፈርም። በተለይ ዘንድሮ።

ብረቱን በመዶሻ አወረድኩት፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላሁ፤ ውኃ አፈሰስኩ። ሽቦውን በመስኮት አስገባሁ። አጠለቅሁ። በጆሮ ውስጥ ያለው እምምታ ጥፍት! ልዩ ነው። ኤባ! ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ጥቅምት 19

መብራት የለም። ምንም አልተሠራም። ቀነኒም ዛሬ ግድግዳው ሥር አልተቀመጠችም። ጨለማ ስለሆነ ይሆናል።

ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ ተራው የጠረጴዛው ነበር። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ነው። ጠረጴዛውም ግድግዳውን ተደግፎ ስለቆመ ኮምፔንሳቶው አብሮት ይዘምራል። ከጎሚስታው ዘንድ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ። ላስቲኩን ለአራት ቆርጬ ከትራንስፎርመሩ ሥር አስገባሁት። ሰካሁ። አበራሁ።

ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጠረጴዛው ዝም። ግድግዳው ዝም። እጄን ጣውላው ላይ አሳረፍኩ፤ መንቀጥቀጥ የለም። ንጹሕ ሥራ።

ሳሎን ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ስወጣ ቀነኒ የለችም። ጓዳ ገብታለች። ምስሩ ሰፌዱ ላይ ነው፤ ግማሹ አልተለቀመም።

ጥቅምት 25

ቀነኒ እንቅልፍ የላትም። ትናንት የክፍሉን በር ከፍታ አየችኝ። ምን ፈለግሽ? ምንም። አብርተኸዋል? አዎ፣ ይኸው ቀልቷል። ቫልቮቹን አየች፣ በሩን ዘጋች። ዛሬም መጥታ ይህንኑ ጠየቀችኝ።

ጊምቢ ልትሄድ ነው። ሻንጣውን አልጋ ላይ ዘርግታ ነገረችኝ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላለችም። ወፍራሙን ሹራብ ከታለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ከታለች፣ የኤባን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ በፎጣ ጠቅልላለች። ለሳምንት የሚሄድ ሰው ፎቶ አያወርድም።

ቤቱ ዝም አለብኝ አለች። እኔን የምትል መሰለኝ። ብዙ ተናጋሪ አይደለሁም፤ ድሮም።

የወሰንኩት ይህ ነው፤ ከመሄዷ በፊት ማጉያውን እጨርሳለሁ። ቁጭ አድርጌ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ። መዝሙር ይሁን፤ መዝሙር በሐዘን ቤት አይከለከልም። ልጅሽ የሠራው ይህን ነው እላታለሁ። ምናልባት ትቀራለች።

ኅዳር 1

የቀረው ቫልቭ ነው። የቀኙ ታሟል። በእርሳስ ጫፍ ነካ ሳደርገው ጆሮዬ ውስጥ እንደ ደወል ይጮሃል። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ እንኳ ይሰማል። የግራውን በቀኙ ቦታ ቀየርኩ፤ ጩኸቱም ተከትሎት ወደ ግራ ሄደ። ሽቦው አይደለም ማለት ነው። ራሱ ነው።

ሽፈራው እዚህ ነቀምቴ ውስጥ አታገኝም አለኝ። ሲሬ ከተማ ግን ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ አሉ። «ግን ጋሼ፣ ምሳህን በልተህ ሂድ። ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ቀን ነው።»

ቀነኒ ቅዳሜ ትሄዳለች። ዐርብ ሲሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ማታውን ቫልቭ እቀይራለሁ። ይደርሳል።

ኅዳር 5፣ ዐርብ

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ያንቀጠቅጠኛል፤ ጽሕፈቴን ቻለው።

ኦቦ ደቻሳን በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ሽፈራው አልዋሸም። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ተባባልን፣ ዝናቡ ተጠየቀ፣ መንገዱ ተጠየቀ፣ የማላውቃቸው ዘመዶቼ ተጠየቁ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ቫልቮቹ በጥጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል፣ እንደ እንቁላል።

የሆላንዱ ለሰው ድምፅ ነው አሉ፤ የሩሲያው ለከበሮ። አንተ ምን ልታዳምጥ ነው? መዝሙር አልኩ። እንግዲያው የሆላንዱ። አንድ ይበቃኛል ስላቸው ተቆጡ።

«ጥንድ ናቸው! እኔንና ባለቤቴን ለይተህ ትወስደናለህ?»

ባለቤታቸው ከውስጥ ሰምተዋል። «እሱን ብቻ ይውሰድልኝ! ጥጡንም እጨምርለታለሁ!»

ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ኦቦ ደቻሳ አንዱን መሞከሪያቸው ላይ ሰኩት። እስኪሞቅ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ቀነኒ ናት።

ላስቲኩን አወጣሁት አለችኝ። እንዳትቆጣ።

ክዳን የለውም፣ እጅሽን ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ሽማግሌው ቀና አሉ።

አላስገባሁም አለች። ነቀልኩት፣ ላስቲኩን መዝዤ አወጣሁ፣ መልሼ ሰካሁት። ኤባ ሲነቅል ሲሰካ አይቻለሁ።

ከዚያ ነገረችኝ። በኦሮምኛ ጀመረች፣ በአማርኛ ጨረሰች። ኤባ በሕይወት ሳለ፣ ማታ ያ ድምፅ በግድግዳው ከመጣ ልጇ ቤት ገብቷል ማለት ነበር። ድምፁ ከቆመ ተኝቷል። ዓመቱን ሙሉ በሱ ነበር የምትተኛው። ከሞተ በኋላ እኔ መጀመሪያ ያበራሁት ዕለት መጥረጊያውን ጥላ ክፍሉ በር ድረስ ሮጣ ነበር። ከበሩ ተመለሰች። በኋላ ለመደችው። እኔ መሆኔን እያወቀች ለመደችው። ከዚያ አንድ ማታ ቆመ፤ ስትመጣ ቫልቮቹ በርተዋል፣ ድምፁ የለም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኩ። እንዲህ ተጨንቀህ ስትሠራው ምን ብዬ ልንገርህ አለች።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ። እምም። ሲሬ ድረስ ይሰማል። አዳመጥኩት። ወር ሙሉ ስታገለው ከርሜ እንዲህ ቁጭ ብዬ አዳምጬው አላውቅም።

ከዚያ ስልኩን መልሳ አነሣች። ላስቲኩ እንደወጣ ይቆይ አልኳት። ስለ ሻንጣው መጠየቅ ፈራሁ።

«አባ ኤባ» አለች። «ሳይመሽ ና።»

ዘጋችው።

ኦቦ ደቻሳ ሞቋል፣ ና ስማ ይሉኛል። በአንድ እጃቸው ማዳመጫውን ዘርግተውልኛል፤ በሌላው ጥንዱን ከነጥጡ ይዘዋል። ተነሣሁ። ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኩም። ከኋላዬ፣ «ሰውዬ፣ ጥንዱን ሳትሰማ!» ሲሉኝ አጥሩን አልፌያለሁ። አስፋልቱ ዳር አንድ ሚኒባስ ፊቱን ወደ ነቀምቴ አዙሮ ቆሟል፤ ረዳቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። ገባሁ።