ከዕጩው ጀርባ የቆምክበት ፎቶ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይፈሥላሴ፣

ሰላምታዬ እንደ ለንደን ዝናብ ሳያቋርጥ ይድረስህ። እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት በፕራይመሪው ቅስቀሳ፣ ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደረው ሰውዬ ጀርባ ቆመህ የተነሳኸውን ፎቶ ለማርያም ማኅበርተኞቼ አሳየኋቸው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትጸልዩለት ጉድ አልን! «የምመርጠው ጸሎተኛውን ነው» ማለትህንም ነገርኳቸው። እዚህ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ሆነን፣ አንዳችንም አሜሪካ መምረጥ ሳንችል፣ ለሁለት ተከፍለን ስንከራከር ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

እኔ ግን ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ሸሚዝህ ያምራል፤ አንገትጌው ክፍት ነው። ማተብህ መቼም ገላህን ስትታጠብ ተበጥሶ ይሆናል። እማዬ ያሰረችልህን የመሰለ ጥቁር ክር ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ስታስረው ፎቶ ላክልኝ።

እመቤታችን ትጠብቅህ። አሜን ትላለህ አይደል?

እህትህ ሮማንወርቅ