ሹሙ ቆቡን ያስረከበበት ሥዕል

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? መኪናህስ እንዴት ናት? ትምህርት ቤታችን የመጣህ ቀን ሾፌርህ አቧራዋን ሦስት ጊዜ ሲወለውልላት ስላየሁ፣ የእሷን ደኅንነት ሳልጠይቅ ማለፍ ነውር መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የምጽፍልህ ስለ ቀደድከው ሥዕል ነው። የአራተኛ ክፍል መጽሐፋችን፣ «ስለ ግብር በተነዛ አሉባልታ ሴቶች ሁከት አስነሡ» ይልና ወደ ባቡር ሐዲዱ ታሪክ ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጆቹ ሲያነቡት ያዛጋሉ። ስለዚህ በካርቶን ላይ ዐሥራ ሁለት ሥዕል ሣልኩላቸው። ለግብር የተላከው ቆጣሪ በየጓሮው እየዞረ ሰውና ፍየል ሲመዘግብ፣ ሴቶቹ የዘንባባ ቅጠል ይዘው ከገበያ ሲነሡ፣ ወታደሮቹ ሲተኩሱባቸው። ዘጠነኛው ላይ እንግሊዞች የሾሙት አያታችን በሴቶች ተከቦ የሹመት ቆቡን ያስረክባል። አፍንጫውን ለመሣል አልተቸገርኩም፤ አንተም ላይ አለ።

ማን እንደነገረህ አላውቅም። አምና የገዛኸውን ማዕረግ ለብሰህ፣ በቀይ ቆብና በዝሆን ጥርስ አምባር ከኤኑጉ ከተማ ድረስ መጣህ። ርዕሰ መምህራችን ወንበሩን በገዛ መሐረቡ ጠረገልህ። ለልጆቹም አያታችን ሴቶቹን ከጥይት ያዳነ የሰላም ሰው መሆኑን ነገርካቸው። ኦዲናካ የምትባለው ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ቆቡን ለምን ወሰዱበት?» አለችህ። ምን ብለህ እንደመለስክላት ታስታውሳለህ? «ሴት ሲሰበሰብ የሚያደርገውን አያውቅም» አልካት፣ ሃያ ሦስት ሴት ልጆች ፊት። ከዚያ ሥዕሉን ከግድግዳው ገንጥለህ አራት ቦታ ቀደድከው፤ ትምህርት ቤቱ በአያታችን ስም ከተጠራ አዲስ ጣራ እንደምታለብሰውም ቃል ገባህ። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨበ። እኔ ያፈርኩት በአያታችን አይደለም። እሱስ ቢያንስ የፈራው ጠመንጃ የያዙትን ነበር። አንተ የፈራኸው ካርቶን ነው።

በማግስቱ ልጆቹን አሰልፌ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አሮጊት ወሰድኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ በደጇ ዝር ስላላልክ ላታስታውሳት ትችላለህ። የዘንባባ ፍሬ በድንጋይ እየፈለጠች ነበር። ኦዲናካ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «እማማ፣ ሹሙን ሲከቡት አይተሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔማ ቤት ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ምሳውን እየሠራሁለት ነበር። የሴቶቹን ዘፈን ስሰማ ድስቱን አወረድኩና ወጥቼ ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ።»

«ቆቡንስ ማን አወለቀው?»

«አውልቅ ሲሉት ወደ እኔ ዞረ። እኔ አወለቅሁለት። ያን ቆብ በየጠዋቱ የማደርግለትስ እኔ አልነበርኩ?»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቆቡ በወለቀ በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹ የገደሏቸውን ሰባት ሴቶች አንድ በአንድ በስም ጠራችላቸው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፏቸው። እንዲህ ሳያዛጉ ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም።

የዝውውር ወረቀቴ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሰኞ ረግረጉ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አስቀርልኝ ብዬ አልለምንህም። እዚያም ካርቶን አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አሮጊቷ ቆቡን ያወለቀችለት ቀን ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ ነበር፤ ቆጣሪው እሱንም መዝግቦት ኖሯል። ልጆቹ ስሙን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። አንተም ስትፈርም ከስምህ ቀጥለህ የምትጽፈው ስም ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፤ ወንዙን ተሻግረህ ከእጇ ምሳ የምትበላበትን ልብም ይጨምርልህ።

ታናሽ እህትህ