በበዓለ ሃምሳ ለጾሙት ኃላፊ፦ ስለ ዳልቻ መርፌ

ለተከበሩ አቶ ማዕረግ
የ«ጸዳል» ወተት ልማት ፕሮጀክት አስተባባሪ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ደህና እንደሚሆኑ እንኳ አልጠራጠርም፤ ከእኛ በረት የወጣ ወተት ቀምሰው አያውቁምና።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአምደወርቅና በሰቆጣ ያስተማርሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ዳልቻ የምትባል አንዲት ላም የማረባ ሴት ነኝ። በፋሲካ ሰሞን ቤቴ ድረስ ዝቅ ብለው መጥተው፣ ላሞቻችን ቫይታሚን በነጻ እንደሚወጉ አብስረውኝ ነበርና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መርፌው አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ሲወጋት ዳልቻ ከሦስት ሊትር ወደ አራት ከፍ አለች። የሰኔ ጾም ሲገባም፣ እኛ የማንቀምሰውን ወተት ለማይጾም ሕፃን መስጠት የአገራችን ልማድ ነውና፣ የጎረቤቴ የዝናሽ የሁለት ዓመት ልጅ ጾሙን ሙሉ ጠዋትና ማታ ስትጠጣው ከረመች። በየቀኑም እርስዎን እመርቅ ነበር።

2ኛ. ስለ ወረቀቱ አመሰግናለሁ። የዳልቻ ጡት አብጦ ወተቷ ደም ሲቀላቅል፣ በረት ውስጥ ወድቆ ያገኘሁትን ባዶ ብልቃጥ ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዮርዳኖስ ሄድሁ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። «ቫይታሚን» የሚለውን የአማርኛ ወረቀት በጥፍሯ ስትልጠው ከሥሩ የባሕር ማዶ ጽሑፍ ወጣ፤ ወተት ለመጨመር የተሠራ ሆርሞን ኖሯል። ሰውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ገና እንደሚያከራክር፣ የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አገሮች እንዳሉ፣ የላምን ጡት ግን ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል እዚያው እንደተጻፈ ነገረችኝ። ሊቃውንቱ ይከራከሩ። ለእኔ ግን የሚከራከሩበት ነገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

3ኛ. ስለ ጾምዎ፤ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ዳልቻ በተወጋች በሳምንቱ ሊጎበኙን ሲመጡ አንድ ብርጭቆ ወተቷን አቅርቤልዎ «ጾም ላይ ነኝ» ብለው በሁለት እጅዎ መለሱልኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ነገር ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ወቅት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ለሰው የማይነገር ስእለት ይኖርባቸው ይሆናል ብዬ አፈርሁ፤ ወተት በማቅረቤም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያም ለስድስት ጎረቤቶቼ «እኒህ ሰው እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፤ ላማችሁን ስጡ» ብዬ መሰከርሁ። ስድስቱም ሰጡ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ለሠላሳ አንድ ዓመት ለልጆች አስተምሬ ትርጉሙን የተማርሁት ከእርስዎ ነው።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም። እውነቱን በሰማሁ ማግስት ሄጄ ለዝናሽ ነገርኋት። ልጅቱን አቀፈቻትና «እትዬ፣ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም ነበር ብዬ ማልሁላት። አምናኝ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ልጅቱ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፤ እናቷ ግን ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም፤ የወተት ጆጓም እኔው ቤት ቀርቷል። እርስዎ ለሪፖርትዎ አንድ ሊትር ጨመሩ፤ ከእኔ ላይ የቀነሱት ግን በሊትር አይለካም።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኔይቱ በምድር ናት፤ ወተቷንም በየማለዳው አየዋለሁ፤ አልቤም መሬት ላይ እደፋዋለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስቱ ጎረቤቶቼና ዝናሽ ባሉበት ቆመው፣ ምን እንደወጋችሁና እኔ እንደማላውቅ በራስዎ አንደበት ይናገሩ። የእኔን ምስክርነት የተቀበሉ ሰዎች የእርስዎንም ሳይሰሙ አይቀሩም።

ዕድሜ ከጤና ጋር እየተመኘሁ፣ አክብሬዎት የነበርሁት፣
መምህርት ታይቱ ዓለምነህ
ሐምሌ 11 ቀን፣ ሰቆጣ

ማሳሰቢያ፦ እሑድ የማይመችዎ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ከዳልቻ የታለበ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። የሰኔ ጾም ተፈትቷል፤ የነሐሴው ገና አልገባም። ሐሙስ ደግሞ ሐሙስ ነው። ስእለት ካለብዎ ግን፣ የትኛው ቅዱስ እንደሆነ ይንገሩኝና እኔም ከላሜ ጋር እሳልለታለሁ።