ከመዝገቡ ያገኘሁት ቀን

ደሴ፣ ሆጤ፤ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለባሌ እናት፣ ለእኔም እናቴ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። የጉልበትዎ ቁርጥማት እንዴት ሆነልዎ? ላሚቱስ በሰላም ወለደች ወይ? ገራዶ ያሉትን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐሳብ በቀር ሕመም የለብኝም።

ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹ የልጅዎን የየሱፍን መርዶ ካረዱን በኋላ፣ የሞተበትን ቀን ከጣሊያኑ ቢሮ ጠይቂ፣ ሰደቃውም ኢዳሽም በቀኑ ይሁን ብለው እርስዎ አዘውኝ ነበር። ጠየቅሁ፤ አገኘሁም። ማግኘቴን ግን አልወደድሁትም።

ማመልከቻውን የጻፈልኝ ይህንኑ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ፈንታሁን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንም ከእኔ እኩል ተንከራተተልኝ። ሦስት ጊዜ መለሱን፦ አንድ ቀን ሚስቱ ለመሆንሽ ምስክር አምጪ፣ አንድ ቀን ሹሙ የለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። ደጅ ጥናት ድሮም ነበር፤ የአሁኑ ሹም ግን ቋንቋችንን እንኳ አያውቅ። በአራተኛው ቀን አስተርጓሚው፣ ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፣ ቀኑ ምን ያደርግልሻል አለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፣ ከየት እንደምቆጥር አጣሁ አልሁት። ሹሙ ሲነገረው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ መዝገቡን ከፈተ።

የፈረንጁን ቀን ፈንታሁን ቆጥሮ መስከረም ስምንት አለኝ። የመስጊዱ ሸህ ደግሞ ወደ እኛ ወደ እስላሙ ወር መልሰው ረጀብ ሳይጋመስ ነው አሉ። ለሸፈቱት እህል ጫንህ ብለው ባሰሩት በዐሥረኛው ቀን ማለት ነው፣ እናቴ። ሰባት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ጭኮ ተሸክሜ ኮምቦልቻ እስር ቤት ስወርድ፣ ልጅዎ አፈር ለብሶ ነበር። ሸሁ፣ ኢዳሽ ጥር ላይ አልቋል፣ ሳታውቂውም ይቆጠራል፣ ከእንግዲህ ግዴታ የለብሽም አሉኝ።

ለዒድ እንሶስላ ሞቄ፣ ተኩዬ እርስዎ ዘንድ ብመጣ፣ ባልሽ ታስሮ ለማን ትዋቢያለሽ ብለውኝ አኩርፌ ተመለስሁ። ለካ በኢዳዬ መካከል ነበርሁ። አላህም እርስዎም አውፍ በሉኝ። የተኳልሁት የእስር ቤቱ ዘበኛ በሺር፣ የሱፍ ናፍቄሻለሁ ብሎሻል ስላለኝ ነው። ምናልባት በበሩ ስንጥቅ ያየኛል ብዬ ነበር።

ቀኑን ይዤ በሺር ዘንድ ወረድሁ። ምግቡን የት አደረግኸው አልሁት። አቀርቅሮ፣ በየሱፍ ስም እስረኛውን አበላሁበት፣ ሰደቃ ሆነለት አለኝ። ለምን ዋሸኸኝ ስለው፣ መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ እንጂ ብቻዋን በር ላይ ለቆመች ሴት ይነገራል ወይ፣ ዛሬ ነገ ስል ወራቱ ሄደብኝ አለ። ልረግመው አፌን ከፈትሁ፣ አልወጣልኝም። ያገር ልጅ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ ብል ግን ውሸት ነው።

ሸሁ ግዴታ የለብሽም ቢሉኝም ኢዳዬን ልቀመጥ ቆርጫለሁ። የምቀመጠውም እርስዎ ቤት ነው። የፊታችን እሑድ እመጣለሁ፤ እንዳይመልሱኝ።

የላክሁልዎ የየሱፍ ሰላምታም ሁሉ የበሺር ነበር። አብሽሪ ያለኝም፣ ቤትሽን ጠብቂ ያለኝም፣ ናፍቄሻለሁ ያለኝም በሺር ነው። የሱፍ በሕይወት ሳለ የደረስሁት አንድ ሐሙስ ብቻ፣ የመጀመሪያው ነው። የዚያን ዕለቱ ቃል ከራሱ ከየሱፍ አፍ እንደወጣ በሺር በአላህ ስም ምሎልኛል። እናቴን አደራ፣ ጥርሷ አይችልምና ቂጣዋን በወተት አርሺላት የሚል ነበር። ሌላ ቃል የለም ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። የለም አለኝ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከፊቴ አያሳጣኝ።

ምራትዎ