ከዓርብ ወዲህ የጠፋው አምስተኛ ፎቅ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን። ጠዋት ደመና ነበር፤ ከቀትር በኋላ የጥገና ቤታችንን ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ንፋስ ተነሳ። በቦታው የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ ሁለቱ ጠጋኞች፣ ራውተሩን በፌስታል ይዞ የመጣ አንድ ደንበኛ፣ መጥረጊያ የያዝኩት ደግሞ እኔ።

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ዳሌህስ እንዴት አድርጎሃል? ንፋስ ሲነሳ እንደሚጠዘጥዝህ አውቃለሁ። አሳንሰሩስ ተሠራላችሁ? ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ተባብለን ኖረን ስለ አሳንሰር መጠየቄ ይገርምህ ይሆናል። ከየት እንዳወቅኩ እነግርሃለሁ፤ እጄ ግን መጀመሪያ ጤናህን ካልጠየቀ ወደ ሌላው አልሄድም ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደክሞ መነጽር አድርጌያለሁ፤ ብታየኝ ቁርጥ እናታችንን ትለኝ ነበር። እንቅልፍ ግን ከዓርብ ጀምሮ አጥቻለሁ።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። የእኔን ቁጥር ዘግተኸዋል። ብትከፍተውም ቤትህ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ያለህ መስመር በግድግዳው የገባው ገመድ ብቻ ነው። እሱንም ያጠፋሁብህ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዛሬው ልጀምርልህ።

የምሠራው ኮምፒውተርና ራውተር በሚጠገንበት ቤት ነው። የገባሁት ለጽዳት ነበር፤ የሠራተኛ ዝርዝሩ ላይ አሁንም ጽዳት ነኝ። የሚጣለውን ዕቃ የምለየው እኔ ስለሆንኩ ግን ከየካርቶኑ የሚወጣውን የመመሪያ ወረቀት ወደ ቤት እየወሰድኩ አነብ ነበር። ግማሹ የተቀደደ፣ ግማሹ ቅባት የነካው ነው። መጀመሪያው ከአንዱ፣ መጨረሻው ከሌላው ይሆንና መሃሉን በራሴ ግምት ስሞላ ኖርኩ።

ከጠጋኞቹ ትልቁን ሁሉም ሰው ሊቁ ይለዋል፤ ሌላውን ጥድፊያ እንለዋለን። ሲከራከሩ ነው የሚውሉት። ጥድፊያ ገመድ የሚባል ነገር በአምስት ዓመት ውስጥ ሙዚየም ይገባል ይላል፤ ሊቁ ደግሞ አንተ ያን ጊዜም ጣሪያ ላይ ወጥተህ ስልክህን ወደ ሰማይ እያነሳህ ኔትወርክ ስትለምን ትገኛለህ ይለዋል። ጥድፊያ በጨዋታ ተሸንፎ ሲመጣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ ዘገየብኝ ይላል። መስመሩስ ደህና ነው፣ የዘገየው ጣትህ ነው ይለዋል ሊቁ። እኔ እጠርጋለሁ።

ዛሬ የመጣው ደንበኛ ራውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አዲስ ሶፍትዌር ከጫንኩበት ወዲህ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ አብርቶ ቀረ አለ። ሊቁ ፋይሉን ከየት አገኘኸው ሲለው፣ ስለ ኮምፒውተርና ጨዋታ ከምናወራበት የኢንተርኔት ግሩፕ ነው፣ ሽቦ የሚባለው ሰው ለሌላ ሰው ሲመክር አይቼ ነው አለ። ሊቁ ራውተሩን ገልብጦ ከሆዱ ስር ያለችውን ወረቀት አነበበና፣ ይሄ እኮ ሦስተኛው ስሪት ነው፣ የጫንክበት ሶፍትዌር የሁለተኛው ነው አለው። ጥድፊያ በሳቅ ፈረሰ። ይሄ ሽቦ የምትሉት ሰውዬ ገልብጦ ማየት ሳይችል ነው እንዴ አስተማሪ የሆነው አለ። ሊቁ አልሳቀም። እኔ ይሄን ሰው ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ገልብጣችሁ አንብቡ የሚል ሰው ነበር፣ ምን ነካው አለ። ደንበኛው ቤቱን ባውቀው ኖሮ ምን እንደነካው እኔ እጠይቀው ነበር ሲል፣ እኔ እዚያው ጠረጴዛ ስር እየጠረግኩ ነበር። እግራችሁን አንሱልኝ አልኩ።

ወንድሜ፣ ሽቦ እኔ ነኝ።

አሁን ይህን ስታነብ ወዲያው አትቅደደው። የግሩፑ ሰዎች ወንድ አድርገው ይዘውኛል፤ እኔም አላረምኳቸውም። አንተን ያገኘሁህ ፈልጌ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ገመድና ስለ ገመድ አልባ ሲጨቃጨቁ፣ አምስተኛ ፎቅ የሚባል ሰው ገብቶ እኔ ቤት አየሩ ኔትወርክ አያመጣም፣ ያለ ገመድ የሞትኩ ነኝ አለ። ሲያሾፉበት ደግሞ ተረት አመጣላቸው፦ ልጆች ሆነን ከእህቴ ጋር የአባታችንን ሬዲዮ ፈትተን ገጠምነው፣ አንዲት ብሎን ተረፈችን፣ ሬዲዮው ግን ከድሮው በተሻለ ተናገረ አለ። ያቺ ብሎን መትረፏንም፣ የት እንደደበቅናትም የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። በዚያን ቀን ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አብረን ነበርን። ግሩፑ ላይ የምታውቀው ጥድፊያ ይኸው የእኛው ቤት ጠጋኝ ነው፤ በገመድ አልባ አፍቃሪነቱ ስንቀልድበት አንተና እኔ ከአንድ ወገን ነበርን፤ ታስታውሳለህ፣ እንደ ልጅነታችን። እኔ ነኝ ብዬ ልነግርህ አንድ ሺህ ጊዜ ጽፌ አንድ ሺህ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ከነገርኩህ ትሄድብኛለህ። ካልነገርኩህ ደግሞ ቢያንስ ዳሌህን፣ አሳንሰሩን፣ ስትስቅ የምትጽፈውን ሁሉ አያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ይንገጫገጭብኛል፣ ይባስ ብሎ የሥራ ጥሪዬም ይቆራረጣል አልክ። አንዱ የጨዋታው ሰርቨር ነው አለ፣ ሌላው የመስመር አቅራቢው ሰነፍ ነው አለ። እኔ ራውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው አልኩና ፋይሉን ላክሁልህ። ከሚጣለው ያነሳሁት ያንኑ ዓይነት ራውተር ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነበረኝ፤ ሁለተኛው ስሪት ነበር። ያንተም እንደዚያው መሰለኝ። ገልብጠህ አንብብልኝ አላልኩህም። ለሌላው ሁሉ የምለውን ለአንተ ረሳሁት፤ ቶሎ ልረዳህ ቸኩዬ።

ዓርብ ጠዋት የጻፍከው የመጨረሻው መልእክት ይኸው ነው፦ «እሺ ሽቦ፣ አሁን ልጭነው ነው። አምኜሃለሁ። ያለኝን ሁሉ ግን አስቀድሜ ቅጂ ይዣለሁ፤ ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ከስምህ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ጠፋች። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው።

ለሽቦ ስለ ቅጂ ምንም ነግረኸው አታውቅም። የሁለት ዓመቱን ወሬ ወደ ላይ ሄጄ አንድ በአንድ ፈለግኩት፤ የለም። መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሌላ አልጨምርበትም።

የምፈራውን ልንገርህ። ሥራህ የደንበኞችን ጥሪ በዚያ መስመር መቀበል ነው፤ ሁለት ቀን ከጠፋሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል ብለህ ለግሩፑ ነግረሃል። እሱ እንኳ ይቅር። እኔን የሚያባንነኝ ደረጃው ነው። የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ በዚያ ዳሌ አምስት ፎቅ ልወርድ ብለህ ቢሆንስ? ወድቀህ ቢሆንስ ማን ያያል? ሳህን ሳጥብ እሱን አስባለሁ፣ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ እሱን አስባለሁ። ግሩፑ ላይ አምስተኛ ፎቅን ያየ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ አሳንሰሩ ተሠርቶለት ወደ ስድስተኛ ወጥቶ ይሆናል አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ስልኩን ዘጋሁት።

ከስምንት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበርኩ። ኮምፒውተርህ ከበደ ስትል፣ ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ያነበብኩትን ይዤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁልህ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ከእናታችን የቀረልን የተቀዳ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳለ አልጠየቅኩህም። አንተ አልጮህክም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እትዬ፣ ከእንግዲህ የእኔን ነገር እንዳትነኪ አልከኝና ወጣህ። የኮምፒውተሩን ዲስክ ጥለኸው ነበር፤ አንስቼዋለሁ። አስቀድሞ ቅጂ የሚያዘው ለምን እንደሆነ የማውቀው ሽቦ ሆኜ ሳይሆን እህትህ ሆኜ ነው።

ዛሬ ሊቁ ለደንበኛው ይሄ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ ብሎ ከሸኘው በኋላ ራውተሩን የሚጣል ዕቃ ሳጥን ውስጥ ወረወረው። ምሳ ሲወጡ አወጣሁት። አልሞተም። ትንሿን ቀዳዳ በመርፌ ተጭነህ ስታበራው ቀይዋ መብራት ሦስት ጊዜ ትርገበገባለች፤ ትክክለኛውን ፋይል ስጡኝ ማለቷ ነው። ይህን ያነበብኩት ግማሿ ከተቀደደ ገጽ ላይ ነው፤ ስንት ሰከንድ መጫን እንዳለብኝ የሚለው በተቀደደው በኩል ስለነበር ሦስት ጊዜ ከሸፈብኝ። በአራተኛው ተሳካ፤ የሦስተኛውን ስሪት ፋይል ጫንኩበትና አረንጓዴ በራ።

ቀና ስል ሁለቱም ከኋላዬ ቆመዋል። ሊቁ መብራቷን አየ፣ ወረቀቷን ላነብ ገልብጬ ያስቀመጥኩትን ራውተር አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በቀስታ ሽቦ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጥድፊያ ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን መቀለጃ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት እንዴ እናቴ፣ እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ሻይ ያምጡልኝ ስልዎት ነበር አለ። ሊቁ መጥረጊያውን ከአጠገቤ ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወንበሩን ሳበልኝ። ስለ አንተ ነገርኳቸው። ሊቁ ለደንበኛው እኔ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ወንድምሽን ድረሺለት ብሎ ለነገ ፈቃድ ሰጠኝ። ጥድፊያ ደግሞ ገመድ ወዳዱ ዘንድ ሲሄዱ ገመድ ይያዙ ብሎ ረጅሙን ገመድ ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ። እሱ፣ የገመድ ጠላት። ይህንንም የምጽፍልህ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው፤ ገና አልመሸም።

ረቡዕ ጠዋት።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የራሴን ራውተር ከግድግዳው ነቀልኩ። ገለበጥኩት። አነበብኩት፦ ሦስተኛ ስሪት። መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አነበብኩት። ትክክለኛው ሶፍትዌር አስቀድሞ የተጫነበት ነው፤ ገመድህን መሰካት ብቻ ነው የሚጠብቅህ። የአንተን እስከማድን ድረስ ይሥራልህ።

ሁለት አውቶቡስ ያዝኩ። አድራሻህን አክስታችን ከሰጠችኝ ቆይቷል፤ ስንት ጊዜ መንገዱ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አሳንሰሩ ላይ አይሠራም የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ደረጃው ላይ ማንም አልወደቀም። እያንዳንዱን መታጠፊያ አየሁ። ሦስተኛው ላይ አረፍኩ።

አምስተኛው ላይ አራት በሮች አሉ። የአንተን ለማወቅ አልተቸገርኩም። ወደ ውስጥ የሚገባው ገመድ በየስንዝሩ በምስማር ተይዟል፤ አባታችን እንደሚያደርገው። ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምኩ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ ሳልክ። እንደ አባባ ነው የምትስለው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጻፍኳቸው ነው።

ራውተሩን ከነገመዱ በርህ ስር አስቀምጫለሁ፤ ወረቀቷ እንድትታይህ ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ። ፖስታው ውስጥ ያለችው ፍላሽ ከዚያ ዲስክ የወጣች ናት። ስምንት ዓመት ሞክሬ ያገኘሁት የእናታችን ድምፅ አርባ ሰከንድ ነው። የምትመክረንን አላገኘሁትም፣ የምትመርቀንንም አላገኘሁትም። ይሄ ነገር አሁን እየቀዳ ነው እንዴ እያለች ስትጠይቅህና ጫማህን ምንጣፉ ላይ ስላደረግክ ስትቆጣህ ነው። ሦስት ቦታ ቅጂ አላት።

ዳሌህን ጤና ያድርግልህ። ወጥተህ የምትገባበትን ደረጃ ያቅልልህ። ብቻህን የምትሆንበትን ቀን ያሳጥርልህ።

ደብዳቤውን አሁን በበሩ ስር ላስገባው ነው። ደወልህን አልነካሁም፤ የአንተ ነገር ነው። እዚሁ ደረጃው ላይ ነኝ።

እትዬ