አራሷ የት ትተኛ

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ውሃ መጥታለች። በርሜሉ ሞላ፣ ጀሪካኖቹ ሞሉ፣ አሁን ወደ ድስቶቹ አልፈናል። የማስተምርበት ት/ቤት ዝግ ስለሆነ ቀጂዋ እኔ ነኝ። ግሬስ በረንዳው ላይ ቆማ፣ ሆዷን ደግፋ ታየኛለች። ታናሽ ወንድሜ ታምራት ከኬንያ አግብቷት ከመጣ ግማሽ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይሄን ሩጫ ግን እስካሁን አልለመደችውም። ናኩሩ፣ እናቷ ቤት፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ሰው የሚደነግጠው የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው አለችኝ። እኛ ውሃዋ ስትመጣ፣ እነሱ ሂሳቡ ሲመጣ። ሳቅን።

ማታ

ሳቅ የለም። ታምራት ራት ላይ አወጣው። ግሬስ ለመውለድ እናቷ አገር መሄድ ትፈልጋለች፤ እሱም አብሯት ይሄዳል። የምትወልደው ኅዳር ላይ ነው። አውቶቡሱን የምትችለው ግን ቢበዛ እስከ መስከረም። እማዬ እጇን ከምግቡ ሰበሰበች። ይሄ ልጅ መጀመሪያም ሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት የቀረባት ነው። ደብተሬ፣ እማዬ ምን እንደሰማች አንቺም ገብቶሻል። ልጁ እዚያ ከተወለደ አባትየውም እዚያው ይቀራል።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዝናብ። ሁለቱ ድንች ይልጣሉ። እማዬ አፏን የፈታችው በሀዲይኛ፣ ግሬስ በኪኩዩ። አማርኛው ለሁለቱም ውሰት ነው፤ ግሬስ ገና እዚያ ሳሉ ከታምራት የለመደችው። እማዬ ግሱን ትጥላለች፣ ግሬስ ወንዱን ሴት ታደርጋለች፣ ግን ይግባባሉ። እኔ ላቃና ስገባ ነው ዝም የሚሉት። ስለዚህ ዝም ብዬ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

ወሬው ስለ አራስ ነው። እማዬ ሕጉን ታስረዳለች። ሦስት ወር መተኛት። እጅ ውሃ አይነካም። ጠዋት አታካና፣ ማታ አታካና፤ ቡላው በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ። ሰው ሲመጣ ከአልጋ አይወረድም። አራስ ስትወጣ ፊቷ ካላበራ የሚታማው የባል ቤት ነው። ግሬስ ጨርሳ አዳመጠችና ስልክ ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀች። እማዬ አሰበችበት። ተኝታ ከሆነ ይፈቀዳል።

ከዚያ ግሬስ የእናቷን ተናገረች። ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። አራት ወልዳለች፤ አራቱንም ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት መደቧ ላይ ነበረች፣ ሕፃኑ ካርቶን ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር። እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን አሳደዳት?» ማንም አላሳደዳትም፤ የመደብ ኪራይ አለባት። «አይ ምስኪን» አለች እማዬ።

ግሬስ ተቀየመች። እናቴ ምስኪን አይደለችም። አራት ልጅ አስተምራለች፣ የድንጋይ ቤት አላት፣ የብረት በር አላት፣ ቴሌቪዥኗ ከእናንተ ይበልጣል። እውነቷን ነው፣ ፎቶውን አይቻለሁ። እማዬም አልተሳሳተችም። ድንቹ ሳያልቅ ሁለቱም ተነሡ። የቀረውን እኔ ላጥኩ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ፣ እንደ ልማዱ። ግሬስም ወጣች፤ የጠፋች ጥጃ ስለሚፈልጉት ጎረቤቶች ወሬ ይዛ ገባች። እነሱ ጋ መብራት እንደ ካርድ በስልክ ይሞላል፣ ያለቀበት ብቻውን ይጨልምበታል፣ ጎረቤት አያውቅም። እዚህ ሁሉም እኩል ይጨልምበታል። የቱ ይሻላል አልኳት። ፍሪጅ ላለው የእኛ፣ ለሌለው የእናንተ አለች። ፍሪጅ የለንም።

ሌላም ነገረችኝ። እነሱ ሰፈር ከመሸ አትወጣም። እዚህ ረቡዕ ማታ ከጸሎት ቤት ብቻዋን በእግሯ ስትመጣ መጀመሪያ ትሮጥ ነበር። አሁን አትሮጥም። ሆዷ ነው ወይስ ለምዳው፣ አልጠየቅኋትም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ከግሬስ ጋር ሀደሮ ገበያ ደርሰን መጣን። ዝንጅብል አምሯት ነው። በሚኒባስ ዱራሜ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ። የነሱ ሚኒባስ ጎኑ ሥዕል የተሳለበት፣ ዘፈኑ የሚያደነቁር ነው አሉ። የእኛው መዝሙር ያደነቁራል። ሰው አጨናንቆ በመጫን እኩል ነን። የነሱ መንገድ ግን አያንገጫግጭም። ይሄን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጉድጓድ ላይ።

ገበያው ውስጥ አቮካዶ መሬት ላይ ተከምሮ አይታ ቆመች። ዋጋውን ሰምታ ደግማ ጠየቀች። የዝንጅብሉ ባለቤት ሆዷን አየችና ከተመዘነው ላይ በሁለት እጇ ዘግና ጨመረችላት። ግሬስ ልትከፍል ስትል ሴትየዋ ተቆጣች። ለነፍሰ ጡር የተመረቀ ይከፈላል? ነውር። ከዚያ ባሏ ማነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ለምን ፀጉሯን እንዲህ ተላጨች ብላ እኔን መረመረችኝ። ግሬስ መንገድ ላይ ነገሩን ስታሰላ ነበር። ናኩሩ ማንም ዝንጅብል አይጨምርልሽም። ስለ ፀጉርሽም ማንም አይጠይቅሽም።

ማታ ወተቱንና ሻይ ቅጠሉን አንድ ላይ አፍልታ፣ ዝንጅብሉን ቀጥቅጣ ጨመረችበት። ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካለች መጣች። ይሄ መድኃኒት ነው እንጂ ሻይ አይደለም አለች። አራት ብርጭቆ ጠጣች።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ለእርግዝና ክትትል ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ስንደርስ ሰልፉ ከበር ወጥቷል። ካርድ ፍለጋ አንድ ሰዓት። መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ደግሞ ቆመ። ነርሷ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ደክሟታል። ሰልፉ ላይ አንዲት ከሌሞ ገጠር የመጣች ገበሬ ከጋሪ ወርዳ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አጥፋ ለግሬስ ወንበሩ ላይ አነጠፈችላት፣ ብረቱ ይበርዳል ብላ። ወደ ቤት ስንመለስ ግሬስ የነሱን ነገረችኝ። እናቷ ሰፈር ቀጠሮ በስልክ መልእክት ይደርሳል፣ በሰዓቱ ገብተሽ በሰዓቱ ትወጫለሽ። ያልከፈለ ግን ከበሩ አያልፍም።

ቆማ ጠየቀችኝ። አንቺ ብትሆኚ የት ትወልጃለሽ? እኔ ልጄን የወለድኩት እዚሁ ነው፤ ዛሬ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናት። መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም። ለመውለዱ እናንተ ጋ፣ ለአራስነቱ እኛ ጋ አልኳት። እንግዲያ ለሁለት ክፈሉኝ አለች። ሳቀች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ግድግዳው ስስ ነው። እማዬ ሰማች።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

እማዬ አታናግረኝም። ከዶሮዎቹ ጋር ታወራለች። እዚህ ቤት ሰው ቢኖር ኖሮ ጨው ይገዛ ነበር ትላለች ዶሮዋን። ጨው ገዛሁ። እዚህ ቤት ልጅ ቢኖር ኖሮ ወንድሙን አይሸኝም ነበር። ለዚህ የምገዛው ነገር የለም።

ወ/ሮ አስካለች በአጥር በኩል፦ «ኬንያ የምትልኪያት አንቺ ነሽ አሉ። ቪዛ መስጠት ጀመርሽ እንዴ?» እኔ ሰው ሲጠይቀኝ እውነት እመልሳለሁ አልኳት። «እሱ ነው ብቻሽን ያስቀረሽ» አለችና ጎመኗን ይዛ ሄደች። ለአንድ ቀን ይበቃል። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

እማዬ የሠራችውን ስሚ። የዊጆዋን ሴቶች ቤት ጠራች። ዊጆ ሴቶቹ በየተራ ለአንዷ ቅቤ የሚያዋጡበት ማኅበር ነው፤ የእማዬ ተራ ገና ለፋሲካ ነበር። ተራዬን ለኅዳር አምጡልኝ አለች። በዚህ ማኅበር ተራ አይነካም፤ ሰው ሲሞት እንኳ ያልተነካ ነው። ሴቶቹ ግሬስን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ተስማሙ። አንዷ ብቻ አጉረመረመች፤ እሷም ቅቤው እንዳይሻግት እንዴት እንደሚነጠር ለማስረዳት ከሁሉም በኋላ ቀረች።

ግሬስ ነገሩ ወዲያው ገባት። እነሱም አላቸው፣ ቻማ ይባላል፣ በገንዘብ ነው። ተራ ማስቀደም ምን እንደሚከብድ ታውቃለች። ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ነው አለች።

በኋላ ልብስ እያጣጠፍን፣ እኔም አልቅሰሻል ሳልላት፣ ነገረችኝ። ሆስፒታሉ አይደለም። ውሃውም አይደለም። ሲያመኝ እናቴ ትኑር። እናቴ ካለች ጋሪ ላይም እወልዳለሁ።

ደብተሬ፣ ከነሐሴ ጀምሮ መንገድና መብራት ስመዝንልሽ ከርሜያለሁ። አንድም ሰው ይሄን አልጠየቃትም። እኔም።

ለእማዬ ነገርኳት። ስታኮርፈኝ ከሰነበተች በኋላ የመለሰችልኝ የመጀመሪያ ቃል፦ «ታዲያ እናትየዋ ትጠራ።»

መስከረም 3፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ወደ ናኩሩ ተደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁ ለሁላችን። ታምራት ያስተረጉማል። ከወዲያ የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ ሴትየዋ መደቧ ላይ ናት፣ እየሸጠች ነው የምታወራን።

እማዬ ጋበዘቻት። ረጅም ነው፤ ስለ ልጇ መልካምነት፣ ስለ ቤታችን ንጽሕና፣ ስለ እግዚአብሔር። ታምራት አሳጠረው። ሴትየዋ አመሰገነች። መምጣት አልችልም አለች። መደብ ከተዘጋ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ቢበዛ አንድ ሳምንት፣ እሱንም እህቷ ከቆመችላት። ለአንድ ሳምንት ደግሞ ይሄን ሁሉ መንገድ ምን ሊረባ?

ግሬስ እግሯን አየች። ታምራት ስልኩን አነሣና ወደ ደጅ ሊወጣ ሆነ። ያወቅነው ነገር ነው፤ መስከረም ላይ ይሄዳሉ። ቲኬት ስንት እንደሆነ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ።

እማዬ እንዲያስቀምጠው በእጇ አሳየችው። አንድ ሳምንት ይበቃል ንገራት አለች። በልጅቷ ምጥ ጊዜ ካለችላት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልጅሽ የእኔ ናት። አንቺን ግን አልጋ ላይ አስተኝቼ እጠብቅሻለሁ በላት።

ታምራት የመጨረሻውን አላስተረጎመም። ምን ማለትሽ ነው አላት። እንዳልኩህ በል አለችው። አለ። ከዚያ ሴትየዋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ግሬስ በሳቅ ተንከተከተች፣ ሆዷን ይዛ። «የታመመው ማነው ትላለች።»

እማዬ አልሳቀችም። አራት ወልዳ አንዴም አልተኛችም አለች። የሰው አካል ነው፣ የመኪና አይደለም። ሰባት ቀን እዚህ ትተኛለች። ቅቤው ለሁለት ይበቃል፤ ሴቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ።

ይሄ ተተረጎመ። አንድ ገዢ ዋጋ ሲጠይቃት ሰማን፣ አልመለሰችለትም። በመጨረሻ ለእህቷ እነግራለሁ አለች። ስልኩ ተዘጋ።

መስከረም 5፣ ሰኞ። ማታ

ደወለች። ኅዳር ላይ ትመጣለች፤ እህትየዋ መደቡ ላይ ትቆምላታለች። ግሬስ እዚሁ ትወልዳለች። ታምራት የአውቶቡሱን ነገር ተወው።

ትዕዛዝ ወጣ። ትልቁ ክፍል ለአራሷ፣ የእኔ ክፍል ለአራሷ እናት። እኔ ሳሎን። እናትየዋ የምትመጣው ልትታረስ ሳይሆን ልታስታምም ነው ብዬ ሞከርኩ። ወልዳ የለ እንዴ፣ አለች እማዬ። ሁለቱን ማን ያገላብጣል ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ት/ቤት ይከፈታል አልኩ። ጠዋት ፈረቃ ነሽ አለች እማዬ፣ ከሰዓት ነፃ ነሽ።

እሺ አልኩ።

ኅዳር ገና ሩቅ ነው፣ ግን ታምራት አልጋዬን አሁኑኑ እየፈታ ነው፤ አልጋው በሳሎኑ በር የሚያልፍ መሆኑን ካላየሁ አልተኛም ብሏል። ሦስቱ እግር ወጥቷል። አራተኛው ብሎን ዝጓል። ግሬስ ባትሪ ታበራለታለች፣ እማዬ ቅቤ ቀቡት ትላለች፣ እየጠሩኝ ነው፣ አንድ ጎን የሚይዝ ሰው